አባቴ ለማንም ብድግ አይልም ነበር

ባለፈው ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ታደለ ቀዶ ጥገና አደረገ ሲሉኝ ልጠይቀው ከቡራዩ ሱሉልታ ሄድኩ። ቡራዩና ሱሉልታ በካርታ ላይ ጎን ለጎን ናቸው፤ መሃላቸው ጋራ ስለተጋደመ ግን ወደ አዲስ አበባ ወርጄ፣ ታክሲ ቀያይሬ፣ ደግሞ እንጦጦን መውጣት ነበረብኝ። በእኔ ዕድሜ ይህ ቀላል መንገድ አይደለም። ስደርስ ታደለን እንደፈራሁት ተኝቶ አላገኘሁትም። ሶፋው ላይ እግሩን ዘርግቶ፣ ትራስ ደገፍ ብሎ፣ ከጎረቤቶቹ ጋር ኳስ ያያል። አንዱ ጎረቤት «ለመሆኑ ምንህን ነው?» አለው። ወንድሜም ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ ሚስቱና የልጅ ልጆቹ ባሉበት፣ «ቡአ ነበረብኝ። ትናንት ገባሁ፣ ዛሬ ምሳዬን ቤቴ በላሁ። መረብ ነው የሚያደርጉልህ፣ ልክ እንደ ወንፊት ያለ» አለ። ጎረቤቱ «እኔም ሳይኖርብኝ አይቀርም» ብሎ ብሽሽቱን አከከ። የታደለ ሚስት «እንግዲያው አብራችሁ ብትሄዱ ኖሮ ቅናሽ ያደርጉላችሁ ነበር» አለችና ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ ብርቱካን እየላጥኩ ነበር፤ ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ ምነው? ደከመሽ?» አለኝ ታደለ። «ምንም፤ ታክሲው አናወጠኝ» አልኩት። ታደለ አባታችን ያኔ ከቤት ጠፍቶ የከረመው ጸበል ገብቶ እንደሆነ ነው ዛሬም የሚያውቀው። እሱና እኔ ባደግንበት ቤት ያ ቃል አንድም ቀን ጮክ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም።

ያደግነው ሰበታ ነው፤ ወደ ጅማ የሚወስደው አስፋልት ዳር። እኔ የልብስ ሰፊ ልጅ ስለሆንኩ ዘመንን የማስታውሰው በሱሪ ስፋት ነው። ሰው ዓመተ ምህረት ሲጠራልኝ ግራ ይገባኛል፤ «ሱሪ ከታች እንደ መለከት የሚከፈትበት ጊዜ» ሲለኝ ግን ወዲያው ይገባኛል። ይህ የምነግራችሁ እንግዲህ በዚያን ጊዜ ነው። ወጣቶቹ ፀጉራቸውን አፍሮ አበጥረው፣ ተትረን ጨርቃቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ይመጡና «ጫማዬን ይሸፍንልኝ» ይላሉ። የሱሪ ማሰፊያ ሁለት ብር ነበር፤ ቁልፉንና ዚፑን ደንበኛው ያመጣል። ዳቦ በአስር ሳንቲም ይገዛል። ልጆች በክረምት ኮንጎ ጫማ ያደርጋሉ፤ ጭቃው ውስጡ ገብቶ ሲራመዱ ይንጣጣል። ከፊት ለፊታችን ካለው ሻይ ቤት ሬዲዮ ሲዘፍን ይውላል፤ አንዳንዱን ዘፈን እስከ ዛሬ የማስታውሰው ከጭነት መኪና ድምፅ ጋር ነው፤ መሃሉ ላይ ሁልጊዜ አንድ መኪና ያልፍበት ስለነበር የዘፈኑን ሙሉ ግጥም ሰምቼው አላውቅም። ከቤታችን ኋላ ባህር ዛፍ ነበር፤ ከባህር ዛፉ ኋላ የገብስ ማሳ። አሁን ማሳው ላይ ፋብሪካ ቆሟል፤ አልፎ ደግሞ በላስቲክ የተሸፈነ የአበባ እርሻ ነው። የእኛ ቤት የነበረበት ላይ ፎቅ ተሠርቶ ከሥሩ መድኃኒት ቤት ተከፍቷል። ባለፍኩ ቁጥር በረንዳችን የት ጋ ይሆን የነበረው እያልኩ በዓይኔ እለካለሁ።

ያ በረንዳ የአባቴ ግዛት ነበር። ጋሽ ወልዴ ልብስ ሰፊው ብላችሁ ብትጠይቁ ከአለም ገና ጀምሮ መንገድ የሚያሳይ ሰው አታጡም ነበር። እጁ ንጹህ ነው፤ ቀጠሮ አያዛባም፤ የሰው ትርፍ ጨርቅ አያስቀርም። ሰው የሚያማው በአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ አይነሳም። ከስፌት መኪናው ኋላ እንደተቀመጠ ነው። ሽማግሌ ይምጣ፣ ቄስ ይምጣ፣ በአፉ «ኖር» ይላል፣ ወገቡ ግን ንቅንቅ አይልም። በአገራችን ይህ ምን ማለት እንደሆነ ላረጀ ሰው አይነገርም፤ ለወጣቶች ግን ልንገራችሁ። ታላቅ ሲገባ ከመቀመጫ አለመነሳት በግልጽ ከመሳደብ ይብሳል፤ ስድብ ይታረቁበታል። አንዳንዱ «የእጅ ሙያው ልቡን አሳበጠው» ይላል። አንዳንዱ «የትልቅ ሰው ዘር ነኝ ማለቱ ነው» ይላል። አባቴ ይህን ሁሉ ይሰማል፤ መርፌውን በከንፈሩ ነክሶ ፔዳሉን ይረግጣል። በዚያ ላይ በሚያዝያ ሐሩር እንኳን ጥቁር ካፖርት ይደርባል፤ ጭኑ ላይ ሁልጊዜ የሚሰፋ ጨርቅ ተከምሯል። እሱንም ከኩራቱ ቆጠሩት።

ሰው ሳይነሳ ልብስ ይሰፋል፤ ሳይነሳ ግን ሰው አይለካም። ስለዚህ የምለካው እኔ ነበርኩ። እናታችን ታደለን ገና ጡት ሳታስጥለው ሞተች። አባቴ እኔን ከትምህርት ቤት ደጃፍ መልሶ ሜትሩን አንገቴ ላይ አንጠለጠለው። «ለሴት ልጅ ሙያ ይበቃታል» አለ። ወገብ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ቁመት። ቁጥሩን በቃሌ እይዝና ከመኪናው ጋ ሄጄ ለአባቴ እነግረዋለሁ፤ እሱ በጠመኔ ጨርቁ ላይ ይጽፋል። መጻፍ አልችልም ነበር። ጎረምሶቹ እጃቸውን ዘርግተው ሲቆሙ «ዘነበች፣ ደረቴን ሁለት ጊዜ ለኪው፣ ልቤ ጨምሯል» ይሉኛል። እኔ አልስቅም። ጣቴን ሳላሳርፍ፣ ሜትሩን ብቻ አስነክቼ መለካት ተማርኩ። በዚህ ምክንያት እኔንም «ያባቷ ልጅ» አሉኝ።

ከዚያ በረንዳ አልወጣም ነበር። እንግዳ ሲመጣ ቀድሜ የምነሳው፣ ወንበር የማቀርበው፣ ደንበኛ እስከ አስፋልቱ የምሸኘው እኔ ነኝ። ከጓዳ በኩል አንድ መጋረጃ ነበር፤ ከመጋረጃው ኋላ አባቴ ብቻ የሚገባበት ጥግ አለ፤ ጠዋት ጠዋት እዚያ ያለውን ባልዲ እደፋለሁ፤ ለምን እንደ ሰው ሽንት ቤት እንደማይሄድ አልጠይቅም። ሰርግ አልሄድም፤ አባቴ ስለማይሄድ። ገበያ ስሄድ እንኳን ደንበኛ ቢመጣስ እያልኩ እየሮጥኩ እመለሳለሁ። ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቹ ሰልፍ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በበረንዳው ያልፋል፤ ደብተራቸውን በሆዳቸው ሸጉጠው ነበር የሚሄዱት፣ ዝናብ እንዳይነካው። እኔ ካውያው ውስጥ ከሰል እየጨመርኩ አያቸው ነበር። የማነበው ነገር ስላልነበረኝ ሰውን በልክ ነበር የማነበው፤ ማን እንደከሳ፣ ማን እንደወፈረ፣ የትኛዋ ሴት ገና ለማንም ሳትናገር ቀሚሷን እንዳስለቀቀች። የገዛ አባቴን ልክ ግን አላውቅም ነበር፤ ሱሪውን የሚቆርጠውም፣ የሚሰፋውም፣ የሚያጥበውም ራሱ ነው፤ የሚያሰጣውም ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ።

ኦቦ ቱሉ የመጣው በእንደዚህ ያለ አንድ ከሰዓት ነው። ኦቦ ቱሉ የሰፈሩ አስታራቂ ነበር፤ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ከዘራውን ይዞ በረንዳው ላይ ቆመ። ለምን እንደመጡ ገና ሳይናገሩ ገባኝ፤ የእህቱ ልጅ አንድ ጨዋ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ሱሪውን ስለካ የማይቀልድ እሱ ብቻ ነው። ወድጄው ነበር ማለት አልችልም። ግን ከበረንዳው የሚያወጣ በር ነበርና ልቤ ተነሳ። እኔም ተነሳሁ።

«ኖር» አለ አባቴ፣ እንደተቀመጠ።

«ኦቦ ወልዴ» አለ ኦቦ ቱሉ። «እኛ ቆመናል።»

«አያለሁ። ግቡ፣ ተቀመጡ። ዘነበች፣ ወንበር።»

«አንተ ግን ተቀምጠሃል።»

«ሥራ ይዣለሁ።»

ኦቦ ቱሉ ከዘራውን ከቀኝ ወደ ግራ እጁ አዞረ። ወደ እኔ አየ፤ ከዚያ ወደ አባቴ። «ልጅ ልንጠይቅህ ነበር የመጣነው» አለ። «አሁን ግን እግራችን ለመቀመጥ እምቢ አለ።» ወጡ። ያቀረብኩት ወንበር እጄ ላይ ቀረ። አባቴ ፔዳሉን መርገጥ ጀመረ፤ ከመርፌው ሥር ጨርቅ አልነበረም። ረጅም ጊዜ ባዶውን ሰፋ።

«አባባ» አልኩት፣ «ለኦቦ ቱሉ እንኳን አይነሱም?»

«እግሬን ያመኛል።»

«እግርዎን ቢያምዎት ፔዳሉን እንዴት ይረግጡታል?»

«መቀሱን አቀብዪኝ» አለ። አቀበልኩት። ከዚያ በኋላ ማንም ሽማግሌ ወደ ቤታችን አልመጣም። ማን ይመጣል?

በዚያው ክረምት አባቴን ብርድ ገብቶት አልጋ ላይ ጣለው። ከመኪናው ሥር አንድ የተጀመረ ሱሪ አገኘሁ፤ የደንበኛ መስሎኝ ልጨርሰው ተቀመጥኩ። ወገቡ አባቴን የመሰለ ቀጭን ሰው ወገብ ነው። ቁመቱም ልክ ነው። ሁለቱ እግሮች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ግን ያልገባኝ ጨርቅ ተጨምሯል፤ ቆርጦ የተሳሳተ መሰለኝ፤ አባቴ ደግሞ ቆርጦ አይሳሳትም። ከውስጥ በኩል ከአቡጀዲ የተሰፋ ሰፊ ከረጢት አለ፤ ከረጢቱን የሚይዝ፣ በትከሻ ላይ የሚያልፍ ማንገቻ ተቀጥሎበታል። ማንገቻው ያረፈበት ቦታ ላይ ሌላ ጨርቅ ተደርቦበታል፣ ሥጋ እንዳይቆርጥ። ከረጢቱን እንደ ልማዴ ለካሁት። ትልቅ ዱባ ይይዛል። ሰው ይህን ያህል ነገር በሁለት ጭኑ መሃል ተሸክሞ ብድግ ቢል ምን እንደሚታይ ታየኝ። ካፖርቱ ገባኝ፤ ጭኑ ላይ የሚከመረው ጨርቅ ገባኝ፤ መጋረጃውና ባልዲው ገባኝ። ሰፈሩ ሁሉ ኩራት ያለው ነገር ቡአ ነበር። አዝኜለት ነበር ብል ደስ ባለኝ፤ መጀመሪያ የተሰማኝ ግን ንዴት ነው። እኔን ያሰረኝ ሰው ራሱ ታስሮ ሲገኝ በማን ላይ እንደምቆጣ ጠፋኝ። ብዙ ከቆየሁ በኋላ መርፌ አነሳሁ። ማንገቻውን አስፍቼ በጥጥ ሞላሁት፤ የከረጢቱን ስፌት ደገምኩት፤ ቅምቅማቱን ጨረስኩ። በካውያ ተኩሼ፣ አጥፌ፣ ከራስጌው አኖርኩት። አባቴ ሲሻለው ለበሰው። እንደማውቅ ያወቀው በዚህ ነው።

ያን ጊዜ ጤና ጣቢያችን ውስጥ ሲስተር ብርነሽ የምትባል ወፍራም፣ ፈጣን ሴት ነበረች፤ ነጭ ጋውኗን በየጊዜው እንለቅላት ነበር። አንድ ቀን ስለካት «ሲስተር፣ ቡአ ይድናል?» አልኳት በሹክሹክታ።

«የማን ነው?»

«የዘመድ።»

«በቀዶ ጥገና ይድናል። በሌላ በምንም አይድንም። የት ድረስ ወርዷል?»

እጄን ወደ ጉልበቴ አወረድኩት። ሲስተር ብርነሽ እጄን አየች፤ ከዚያ በረንዳው ላይ በፀሐይ ካፖርት የለበሰውን አባቴን አየች። «ዘመድሽ ልብስ ይሰፋል?» አለችኝ። ወገቧን መለካት ቀጠልኩ።

ያልተለካውን ግማሿን ትታ ሄዳ ከመኪናው አጠገብ ዱካ ስባ ተቀመጠች። ድምጿን ዝቅ ብታደርግም ይሰማኝ ነበር።

«ጋሽ ወልዴ፣ አንድ ቀን እዚያው ታንቆ ይቀራል። አንጀት ሲታነቅ ይበሰብሳል። ያን ቀን ሐኪም ጋ የሚደርሱበት ጊዜ አይኖርም። ልጆቹን ለማን ሊተዉ ነው?»

አባቴ ወደ እኔ ተመለከተ። ከዚያ ወደ ጨርቁ። «ቢላ የነካው ወንድ ወንድ አይሆንም ይባላል» አለ።

«እንዲህ ሆነውስ?»

«ሰው እንዳይሰማ» አለ በመጨረሻ።

«እኔ አፌን ሰፍቻለሁ» አለች ሲስተር ብርነሽ። «እንደርስዎ አሳምሬ ባይሆንም።»

ለሰፈሩ ጸበል እንገባለን አልን። ጸበል ለገባ ሰው የትኛው፣ ለምን፣ እስከ መቼ ብሎ የሚያጣራ የለም፤ ከርሞም ቢመጣ «እንኳን ደህና መጡ» ነው። ታደለን አለም ገና አክስታችን ጋ አስቀመጥነው። በረንዳውን ዘጋሁ፤ በዕድሜዬ ሙሉ ሲዘጋ አይቼው አላውቅም። አውቶቡስ ላይ አባቴ ካፖርቱን ዘርግቶ ሲቀመጥ አንድ ወጣት «አባት፣ ትንሽ ይጠጉ» አለው፤ አባቴ የሚጠጋበት ቦታ አልነበረውም።

ሐኪም ቤቱን ስሙን አልጠራም። ሐኪሙ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነበር። መጋረጃ ዘግቶ አየውና ወጣ፤ ሲመለስ የተማሪ መዓት አስከትሎ ነበር። በእንግሊዝኛ ያወራሉ። አባቴ ቋንቋውን ባያውቅም ዓይናቸውን አየ፤ ግድግዳውን ይዞ ፊቱን አዞረ። ለስንት ዓመት ከሰፈር ዓይን የሸሸገውን በአንድ ጠዋት ያ ሁሉ ሰው ከበበው። «እንሂድ» አለኝ ሲወጡ። «ልብሴን አምጪ።» ልብሱን አላመጣሁም። አባቴን እምቢ ስል የመጀመሪያዬ ነው።

ያስቀረሁት እኔ አይደለሁም፤ የጎኑ በሽተኛ ነው። ኦቦ ጉተማ የሚባል የሱሉልታ ድርቆሽ ነጋዴ ነበር፤ እሱም ያው ቡአ ይዞት ነው የመጣው። ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ስቦ አባቴን ከላይ እስከ ታች አየና «አንተ ሰውዬ» አለ፣ «ይህን ይዘህ ነው በአውቶቡስ የመጣኸው?»

አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ነበር።

«የሁለት ሰው አላስከፈሉህም?»

አንዱ አፉን በአንሶላ አፈነ። አባቴ ቀስ ብሎ ዞረ። «የጭነት ነው ያስከፈሉኝ» አለ። ኦቦ ጉተማ ሆዱን ይዞ ሲስቅ «አታስቁኝ፣ ይወርድብኛል» እያለ ይለምን ነበር፤ አባቴም ሳቀ። የአባቴን የሳቅ ድምፅ አላውቀውም ነበርና የሌላ ሰው መስሎኝ ዞር አልኩ።

ሐኪሙ በማግስቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «ጋሼ፣ የእርስዎ እንደ ሌላው ሰው አይደለም» አለ። «የወረደው አንጀት ብቻ አይደለም። የሽንት ፊኛዎም ተንሸራቶ አብሮ ወርዷል። ሽንት የሚያስቸግርዎት ለዚያ ነው።»

«እጄን ካልጫንኩት አይወጣም» አለ አባቴ፣ ኮርኒሱን እያየ።

«ሌላም ችግር አለ። ሆድዎ ባዶነቱን ለምዶ ጠቧል። ሁሉንም ዛሬ ወደ ቦታው መልሰን ብንዘጋው መተንፈሻ ያጣሉ።»

«እንደ ጠበበ ኮት።»

«እንደ ጠበበ ኮት።»

«ኮትማ ትርፍ ጨርቅ ካለው ይለቀቃል» አለ አባቴ።

«እኛም ቀስ ብለን ልንለቀው ነው። ትንሽ ይታገሱናል። ከዚያ በቢላ ቀደን፣ የሳሳውን ቦታ ደርበን እንሰፋለን።»

«ድርብ ለልብስ ይበቃል። ሰው ግን ያስነጥሳል።»

ሐኪሙ ፈገግ አለ። «ለዚህ ነው ከሳል እንዲጠነቀቁ የምነግርዎት።» ታደለ ሆድ ውስጥ የገባው መረብ ያኔ ለእኛ ገና አልደረሰም ነበር፤ የሚሰፋው በሰውየው በራሱ ሥጋ ነው።

የአልጋውን ግርጌ በጡብ አስነስተው አባቴን ወደ ራሱ ቁልቁል አስተኙት፤ የወረደው በራሱ ጊዜ እንዲመለስ። ውሃ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ በቱቦ እንዲነፋ አዘዙት፣ ሳንባው እንዲጠነክር። ሳምንት አልፎ ሳምንት መጣ። እሱ ያንቦጨቡጫል፣ ኦቦ ጉተማ ከጎኑ «ሺሻ ቤት ገባን» ይላል። እኔ ቀን በአልጋው ሥር እቀመጣለሁ፤ ከበረንዳው ወጥቼ ሌላ በረንዳ ላይ እንደተቀመጥኩ ነበር የሚሰማኝ። ግድግዳው ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ አንዱንም አላውቀውም። ሰው «ወደ ራጅ ክፍል በየት ነው?» ሲለኝ ቀስቱ ሥር ቆሜ «አላውቅም» እል ነበር።

የቀዶ ጥገናው ዋዜማ ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ከታካሚው ሌላ የቤተሰብ ፊርማ ያስፈልጋል አለች። በጥድፊያ አነበበችልኝ፦ ላይነቃ ይችላል፣ ከፍሬው አንዱ ሊወጣ ይችላል፣ ተስማምቻለሁ።

«አሁን ያነበቡልኝ የት ጋ ነው የተጻፈው?» አልኳት።

ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች።

«ይሄ ከታች ያለውስ?»

«እሱም ያው ነው፣ እህቴ። ጊዜ የለኝም።»

ሐምራዊውን ቀለም አውራ ጣቴ ላይ ቀባችና ወረቀቱ ላይ ተጫነችው። እኔ ስፌት በአንድ ክር ቢዛባ የምፈታ ሰው፣ የአባቴን ሕይወት ያላጣራሁት ነገር ላይ አተምኩ። ያ ቀለም ከጣቴ ለመልቀቅ ቆየ። ዛሬ ቤቴን መጽሐፍ ሞልቶታል፤ ጡረታ እስክወጣ የሠራሁትም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ሰዎች «ንባብ መቼ ጀመርሽ?» ሲሉኝ የምነግራቸው ዕድሜዬን ነው እንጂ ያንን ጣቴን አይደለም።

ጠዋት ወሰዱት። መተላለፊያው ላይ ያለ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ባይነቃ የት እንደምሄድ አሰብኩ፤ ቢነቃም የት እንደምሄድ አሰብኩ፤ ሁለቱም ቦታ ያው በረንዳ ነበር። ፀሐይዋ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ዞረች። ሐኪሙ ሲወጣ አጠገቤ መጥቶ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ተርፈዋል» አለኝ። «ፊኛው ነው ያቆየን፤ ከከረጢቱ ጋር አንድ ሆኖ ነው የወረደው። ያላወቀ ሰው ከረጢት መስሎት ይቀደዋል። አንዱን ፍሬ ግን ማዳን አልቻልንም። እሱን እኔ እነግራቸዋለሁ።» አመሰግናለሁ ለማለት ተነሳሁ።

ሰበታ ስንመለስ አባቴ ቀጥ ብሎ ነበር የሚራመደው። ሰዉ «ጸበሉ ሰመረልዎት፣ ፊትዎ ጠራ» ይላል። እኔ ስንቴ አሰብኩት፦ አሁን ደንበኛ ይመጣል፣ ብድግ ይላል፣ ሜትሩን ከአንገቴ ይወስዳል። በማግስቱ ጠዋት ካፖርቱን ደርቦ ከመኪናው ኋላ ተቀመጠ። ደንበኛ መጣ። «ኖር» አለ፤ አልተነሳም። ሌላ መጣ። አልተነሳም።

«አባባ፣ አሁንማ ይችላሉ» አልኩት።

«እችላለሁ።»

«ታዲያ?»

«ዛሬ ብነሳ፣ ትናንት ለምን አልተነሳህም ይሉኛል። ምን እላለሁ? ኩራቴን ተውኩት ልበል? ወይስ ያንን ልንገራቸው?» ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ኩራቱ ይሻለኛል።»

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከፊተኛው የከፋ ነበር። ፊት ቢያንስ ምክንያት ነበረው። አሁን ጤነኛ ሰው ታሞ እንዳልነበር ለማስመሰል ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ እሱ እንዲቀመጥ እቆማለሁ። ጎረምሶቹ እጃቸውን ይዘረጋሉ፣ እኔ ወገብ፣ ዳሌ፣ ጭን፣ ቁመት እላለሁ። የቀረው ክረምት እንዲህ አለፈ። መስከረም ሲጠባ ከአስፋልቱ ማዶ ያለው ትምህርት ቤት የማታ ተማሪ መዘገበ። ሄጄ አንደኛ ክፍል ተመዘገብኩ። መዝጋቢው «ለልጅሽ ነው?» ቢለኝ «ለራሴ ነው» አልኩት።

«ሰኞ ማታ ትምህርት እጀምራለሁ» አልኩት አባቴን።

«ደንበኛ የሚመጣው ማታ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ሰኞ አመሻሹ ላይ እጄን ታጥቤ፣ አዲሱን ደብተሬን ይዤ ስወጣ በረንዳው ላይ ኦቦ ቱሉን አገኘሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም። በብብቱ ግራጫ ጨርቅ ይዟል። «አካም ጅርቱ» ብሎ ሰላምታ ሰጠ፣ ለእኔም ለአባቴም ሳይሆን ለግድግዳው። ከዚያ ልጁን እንደሚድር፣ ሌላው ልብስ ሰፊ ሱሪውን እንዳበላሸበት፣ ጊዜ እንዳጠረው ተናገረ። ከዘራውን አስደገፈና በረንዳው መሃል እጁን ዘርግቶ ቆመ። እኔን ይጠብቃል። አባቴም ያየኛል።

ሜትሩ አንገቴ ላይ ነበር። አወረድኩት። ጠቅልዬ ከመኪናው ጠረጴዛ ላይ፣ ከአባቴ እጅ አጠገብ አኖርኩት።

«አባባ፣ ረፈደብኝ። ኦቦ ቱሉ፣ ደህና ያምሹ።»

ዞሬ አላየሁም። የጭነት መኪናዎቹን አሳልፌ አስፋልቱን ተሻገርኩ። ክፍሉ ቀን የሕፃናት ነው፤ ጉልበቴ ከጠረጴዛው ሥር አልገባ ብሎኝ ወደ ጎን ተቀመጥኩ። መምህሩ ፊደል እየጠቆመ ይጠራል፣ እኛ አዋቂዎቹ እንከተለዋለን። እኔ አፌን እከፍታለሁ እንጂ ጆሮዬ በረንዳው ላይ ነበር። ኦቦ ቱሉ እጁን እንደዘረጋ ስንት ቆየ? ለሁለተኛ ጊዜ ተዋርዶ ወጣ? ስመለስ አባቴ መብራቱን አጥፍቶ ተኝቷል። አልቀሰቀስኩትም።

ጠዋት ስነሳ ከመኪናው ጠረጴዛ ላይ ግራጫው ጨርቅ ተዘርግቶ ነበር። የአባቴ ጠመኔ አርፎበታል። የምለያቸው ፊደላት ገና ጥቂት ነበሩ፤ ቁጥር ግን አውቃለሁ፤ ወገብ አለ፣ ዳሌ አለ፣ ጭን አለ። ቁመትም አለ። ቁመት ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፤ ለዚያ መነሳት ብቻ አይበቃም፣ ከደንበኛው እግር ሥር በርከክ ማለት ያስፈልጋል። ሜትሬን አንስቼ ተቆርጦ የተቀመጠውን አንዱን እግር ለካሁት፤ የኦቦ ቱሉን ቁመት ከድሮ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ።

አባቴ ከጓዳ ወጣ። ካፖርቱን አልደረበም። ተቀመጠና መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ክር ለማስገባት ወደ ብርሃኑ አጋደለ።

«አባባ» አልኩት፣ «ቁመቱ አንድ ጣት አጥሯል።»

«ከለካሁ ብዙ ጊዜዬ ነው» አለ። «ዛሬ ከሰዓት ና ብዬዋለሁ። እንደገና እለካዋለሁ።»